በ1,140 ብር ክፍሌን እንዴት እንዳሰናዳሁት (መጀመሪያ 2,300 ብር ለአይጥና ለንፋስ ካበላሁ በኋላ)

ነሐሴ ሲጋመስ ጀምሮ አዲስ የተመደቡ ልጆች ይደውሉልኛል፣ ጥያቄው ያው ነው፣ «ቲቸር ክፍሉን በምን ላሳምረው፣ በጀት የለም ተባልኩ»። ለእያንዳንዱ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ ብዬ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የመንግስት ትምህርት ቤት 1ኛ ክፍል ነው ማስተምረው። ሰልፍ ኮንቴይንድ ነኝ፣ ማለትም አማርኛውም ሒሳቡም ምናምኑም እኔው ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ከነሱ ጋር እዛው ክፍል ውስጥ ነን። ልጆቹ 58 ናቸው፣ ዴስኩ 15። ቤቱ ደግሞ ከግቢው አሮጌው ብሎክ ነው፣ ጭቃ ቤት ኖራ የተቀባ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ አቡጀዲው ላይ ደግሞ አይጦቹ ከኛ በፊት ክላስ ይጀምራሉ። አዲሱ ፎቅ ላይ የተመደባችሁ ሰዎች ግማሹ ምክሬ አይመለከታችሁም፣ እናንተ ግድግዳችሁ ስኮች ይይዛል።

2015 ላይ መጀመሪያ 1ኛ ክፍል ሲሰጠኝ በጣም ነበር የጓጓሁት። ፒንተረስት ላይ ሌሊት ሌሊት ስቆፍር ከርሜ ጳጉሜ ላይ ከደሞዜ 2,300 ብር አወጣሁ። ፍሊፕ ቻርት ገዛሁ፣ ባለቀለም ወረቀት፣ ሪቫን፣ ፊኛ፣ ትልቁን የፊደል ገበታ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ፣ ስኮች ብቻ ስምንት ጥቅል። ሁለት ቀን ሙሉ ወንበር ላይ ቆሜ ለጠፍኩ። ዳይሬክተራችን ገብቶ ፎቶ አነሳ፣ ሌሎቹም መጥተው «ውይ ሲያምር» አሉ፣ እኔም በጣም ደስ አለኝ፣ ምን ዋጋ አለው።

ጠዋት ጠዋት ስገባ አንድ ነገር ወድቆ አገኛለሁ። ዛሬ ፍሊፕ ቻርቱ፣ ነገ ሪቫኑ፣ ከነገ ወዲያ የፊደል ገበታው ግማሹ ተቀዶ። በሶስተኛው ሳምንት ግድግዳው ላይ የቀረው ስኮቹ ብቻ ነበር። እና እኔ ወዲያው የማታ ተማሪዎቹ ናቸው አልኩ። ክፍላችን ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ለማታ ትምህርት ያገለግላል፣ ብዙዎቹ ሰው ቤት የሚሰሩ ልጆች ናቸው፣ ስራቸውን ጨርሰው ነው ሚመጡት። ሄጄ የማታውን መምህር አፋጠጥኩት። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አልተቆጡኝም፣ «እስቲ ዛሬ አምሽተሽ እይ ልጄ» ብቻ አሉኝ።

አመሸሁ። ኋላ ተቀምጬ ስጠብቅ ማንም ምንም አልነካም። አንድ ሰዓት አካባቢ በሩን ንፋስ ሲገፋው የእንስሳት ስዕል የለጠፍኩበት ፍሊፕ ቻርት በራሱ ጊዜ ሸርተት ብሎ ወረደ፣ ስኮቹ ጀርባ ላይ ነጭ የኖራ ዱቄት ተለጥፎበታል። አንዷ ተማሪ ተነስታ አነሳችው፣ አቧራውን በነጠላዋ ጠረግ አድርጋ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔን አላወቀችኝም። እንዴት እንዳፈርኩ። እነዛ ጠዋት ጠዋት ታጥፈው የማገኛቸውን ወረቀቶች ሁሉ ቀደው ነው የጣሉት ስል የነበረው እኔ ነኝ፣ ለካ እያነሱልኝ ነው።

ከዛ ስኮች ካልያዘ ብዬ የፊኖ ዱቄት በውሃ አፍልቼ ማጣበቂያ ሰራሁ፣ እናቴ ልጅ እያለን ደብተር ስትለብድልን እንደምታደርገው። ያዘ፣ እውነት ለመናገር ግሩም አድርጎ ያዘ። ግን ሰኞ ስገባ ወረቀቶቼ ከጠርዝ ጠርዛቸው ተበልተዋል፣ ለአይጦቹ እራት አቅርቤላቸው ነው የሄድኩት። ስለዚህ ጭቃ ቤት ያላችሁ ሰዎች የዱቄት ማጣበቂያ የሚላችሁን አትስሙ።

እና 2016 ላይ ምንም ሳልገዛ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ግድግዳውን ማንኳኳት ነው፣ አትሳቁ። ጭቃ ቤት ውስጡ እንጨት ነው፣ ቋሚና ማገር አለው፣ ጭቃው ላይ ምስማር ብትመቱ ይገባል ግን በሁለተኛው ቀን ከነጭቃው ይወድቃል፣ ማገሩ ላይ ከመታችሁ ግን አይነቃነቅም። በጣት ስታንኳኩ ጭቃው ድፍን ድምፅ ነው፣ እንጨቱ ጋ ሲደርስ ይለያል። ያገኘሁትን በጠመኔ ምልክት አደረግኩ፣ ምስማር መታሁ፣ ከምስማር ምስማር ሲባጎ ወጠርኩ፣ በቃ። ከዛ በኋላ ግድግዳው ላይ ምንም አልለጠፍኩም፣ ሁሉም ነገር ሲባጎው ላይ ነው ሚንጠለጠለው፣ ሲያስፈልግ ይወርዳል፣ ክረምት ሲያፈስ ይጠቀለላል። ምስማሩ ጭንቅላቱ ከግድግዳው ወጥቶ እንዳይቀር በደንብ ምቱት ወይም ጨርቅ ጠቅልሉበት፣ የ7 ዓመት ልጅ አይን ትክክል ላይ ነው ያለው።

አይን ካነሳሁ አይቀር። ያኔ የለጠፍኩትን ሁሉ የለጠፍኩት ወንበር ላይ ቆሜ ነው ብያለሁ አይደል? ስህተቱ እሱ ጋ ነው። 1ኛ ክፍል ልጅ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ20 ብዙ አይዘልም። እኔ ገበታውን ለኔ አይን፣ ለዳይሬክተሩ አይን፣ ለሱፐርቫይዘር አይን ነበር የሰቀልኩት። ወለሉ ላይ ተንበርከካችሁ ክፍሉን አንዴ እዩት፣ የምታዩት የዴስክ እግርና ባዶ ግድግዳ ነው፣ እነሱ ሚኖሩት እዛ ውስጥ ነው። አሁን ሲባጎዬ ወገቤ ጋ ነው ያለው፣ ትልቅ ሰው ሲገባ «ምነው ወረደ» ይላል፣ ይበል።

ፊደሉን ምን ላይ እንደጻፍኩ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤታችን ምገባ አለ፣ ኩሽና ውስጥ የዱቄትና የሩዝ ከረጢት ይከማቻል። እዛ ምግብ ሚሰሩት እናቶች ጋ ሄጄ ባዶውን ጠየቅኩ (መጀመሪያ ንብረት ክፍሉን አስፈቅዱ፣ ባዶ ከረጢትም አንዳንዴ በቁጥር ነው ሚመለሰው፣ እኔ ሳላውቅ ወስጄ አንዴ ተፈልጌያለሁ)። ከረጢቱ ጎንና ጎኑ ተቀዶ ሲዘረጋ ሰፊ ነጭ ሸራ ማለት ነው። በሳሙና አጥባችሁ፣ ጠርዙ እንዳይተረተር በሻማ እሳት ለብለብ አድርጋችሁ ወይም እጥፍ አድርጋችሁ ሰፍታችሁ፣ ፅሁፍ የሌለበት ጎኑ ላይ በቋሚ ማርከር ትጽፋላችሁ። አንዳንዶች መጀመሪያ ነጭ ቀለም ይቀቡታል፣ እኔም አንዱን ቀባሁ፣ ስጠቀልለው ቀለሙ እየተሰነጣጠቀ ረገፈ። ሳትቀቡ ጻፉበት። የፋብሪካ ማዳበሪያ የነበረበትን ከረጢት ግን ልጆች ጋ አታምጡ፣ ብታጥቡትም ሽታው አይለቅም።

33ቱን ፊደል ከነዘራቸው በአራት ከረጢት ጻፍኩ፣ 231 ፊደል፣ በሁለት ቀን፣ እጄ ዞሮ። ደስ ሚለው ነገር ልጆቹ በጣታቸው እየነኩ ያነባሉ፣ የሱቁ ገበታ ላይ እንዲህ ማድረግ አይችሉም፣ አይደርሱበትማ። ታህሳስ አካባቢ ሳየው አንዳንዱ ፊደል በጣት ብዛት ደብዝዟል፣ የትኛው ብትሉኝ ጨ እና ጠ አካባቢ፣ እሱ ነው ሚያስቸግራቸው ማለት ነው። እኔ ፈተና አውጥቼ ያላወቅኩትን ከረጢቱ ነገረኝ። በማርከር መልሼ አደመቅኩት።

አሁን ደግሞ ካደረግኩት ሁሉ አንድ ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ምመርጠው የስም መቆንጠጫውን ነው። 58 ስም መጥራት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለክታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለክቻለሁ፣ «አቤት» እስኪሉ፣ ያልሰማው እስኪሰማ፣ ሳቁ ምኑ፣ ወደ 10 ደቂቃ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስለዚህ አምስት ደርዘን የልብስ መቆንጠጫ ገዛሁ፣ ከጫማ ካርቶን 58 ካርድ ቆረጥኩ፣ እያንዳንዱ ላይ የልጁን ስም በትልቁ ጻፍኩ፣ አጠገቡ ልጁ ራሱ የመረጠውን ስዕል ሳለ፣ ምክንያቱም መስከረም ላይ ስሙን ማንበብ አይችልም፣ ስዕሉን ግን ያውቃል። በግ የመረጠ አለ፣ ፀሀይ፣ ኳስ፣ አንዱ ባጃጅ ካልሳልኩ ብሎ አለቀሰ፣ ሳለ፣ ድንች ይመስላል፣ ግን የሱ ነው። ሁለት ሲባጎ ላይና ታች ወጠርኩ፣ የታችኛው ላይ የቤት ስዕል፣ የላይኛው ላይ የትምህርት ቤት። ልጁ ጠዋት ሲገባ የራሱን ካርድ ከቤት አንስቶ ትምህርት ቤት ላይ ይቆነጥጣል። እኔ ማየት ብቻ ነው፣ ታች የቀረው ማን እንደሆነ በአንድ እይታ አውቃለሁ፣ ሪከርድ ቡኬን እሞላለሁ።

መጀመሪያ ቀን ግን ግርግር ነበር፣ ሁሉንም በሩ አጠገብ አድርጌው 58 ልጅ አንድ ቦታ ተፋጨ፣ አንዷ ወደቀች። ከዛ ለአራት ከፈልኩት፣ በየዴስክ ረድፉ በአራት ቦታ። እንደሱ አድርጉ ከመጀመሪያው። ሁለት ትርፍ መቆንጠጫ ነበረኝ፣ አንዱ በሶስተኛው ቀን ተሰበረ፣ ስለዚህ ትርፍ ያዙ። አንድ አይነት ስም ያላቸው ሶስት ልጆች አሉኝ፣ ለነሱ የአባት ስም መጨመር ነበረብኝና እነሱ ከሌሎቹ ቀድመው የአባታቸውን ስም ማንበብ ቻሉ፣ ይሄን አላቀድኩትም። ጥር ላይ ስዕሉን ቆርጬ አወጣሁት፣ ስም ብቻ ቀረ፣ ማንም አልተሳሳተም ማለት ይቻላል። የባጃጁ ልጅ ግን ስዕሉን ይዞ ቤቱ ሄደ።

ሌላው ቆርኪ ነው። ለመደመርና ለመቀነስ ሚቆጠር ነገር ያስፈልጋል፣ ባቄላና በቆሎ ሞክሬ ነበር፣ ግማሹ ጆሮና አፍንጫ ውስጥ ሊገባ ሆነ፣ የቀረውን አይጥ። ቆርኪ ግን ሰፈር ያለ ግሮሰሪ ሁሉ ይጥለዋል፣ አንድ ፌስታል ስጡኝ ብትሉ በሳምንት ይሞላላችኋል። ጠርዙ ስለታም ስለሆነ በመዶሻ ወደ ውስጥ መመታት አለበት፣ ሳትመቱ አትስጡ፣ ከዛ በቀዝቃዛ ውሃ በበረኪና ዘፍዝፋችሁ ማጠብ ነው ምክንያቱም ቢራ ቢራ ይላል። ይሄን ስል አንድ እናት ትዝ አሉኝ፣ ልጃቸው ቤት ሄዶ የቢራውን ስም እያነበበ «ቲቸር ያስተማረችን» ብሎ። በማግስቱ በሬ ላይ ናቸው፣ «ልጄን ፊደል አስተምሪ ብዬ ብልክ የቢራ ስም ታስቆጥሪዋለሽ እንዴ የኔ እህት»። እውነታቸውን ነው። የተረፈ ቀለም ከአናፂው ለምኜ ግማሹን ቀይ ግማሹን ቢጫ ቀባሁት። ቀለሙ ደግሞ ጠቀመኝ፣ 10 ቀይ 10 ቢጫ አድርጌ ስሰጣቸው 7 ሲደመር 5 ሲባል ከ5ቱ ሶስቱን ወስደው አስሩን ይሞላሉ፣ 2 ይቀራል፣ አስራ ሁለት። በአይናቸው ያዩታል።

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 ብዬ 1,160 ቆርኪ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጉልበቴ አለቀ፣ ማደሉና መሰብሰቡ ብቻ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይበላል። አሁን ለሁለት ልጅ አንድ ነው፣ 29 ትንንሽ የጨርቅ ከረጢት፣ አንድ ልብስ ሰፊ ወላጅ ከቅዳጅ ጨርቅ ሰፍተው ሰጡኝ። ከረጢቱ ላይ የዴስክ ቁጥር አለ፣ የጎደለ ካለ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ስለ ሃይላንድ ጠርሙስ ደግሞ ሁሉም ሰው ቪዲዮ ላይ «ቆርጣችሁ የእርሳስ ማስቀመጫ ስሩ» ይላል። እኛ ዴስክ ላይ አይሰራም፣ ዴስካችን ዘቅዘቅ ያለ ነው፣ በተነካ ቁጥር ይገለበጣል፣ የተቆረጠው ጠርዝም እጅ ይቆርጣል። ሁለት ሳምንት ታግዬ ተውኩት። ፊኛ አትግዙ። አበባ በጣሳ ተክዬ ነበር፣ ቅዳሜና እሁድ ማን ያጠጣል፣ ደረቀ።

በጣም የሰራልኝ የዘይት ጀሪካን ነው፣ ባለ 20 ሊትሩ ቢጫው፣ ይሄም ከምገባው ኩሽና። አንድ ጎኑን ቆርጣችሁ አጋድማችሁ ስታስቀምጡት መሳቢያ ይሆናል። የተቆረጠውን ጠርዝ እኔ አሮጌ የውሃ ጎማ ሰንጥቄ አለበስኩት። ዘጠኝ አሉኝ፣ አንዱ የቆርኪ፣ አንዱ የጠመኔና የዳስተር፣ አንዱ ጠፍቶ የተገኘ ነገር (እርሳስ፣ ሹራብ፣ አንዴ የወተት ጥርስ በወረቀት ተጠቅልሎ)፣ ሌሎቹ የደብተር። በፅሁፍ ሳይሆን በስዕል ነው ምልክት ያደረግኩባቸው። እና የደብተሩ ነገር ለውጥ አመጣ፣ ድሮ ላርም ስሰበስብ 58 ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ይናዳል፣ አሁን በየረድፉ አንድ ጀሪካን ያልፋል፣ እዛው ይገባል፣ ስመልስም በረድፉ ነው። ደብተር ጠፋ የሚል ለቅሶ ቀነሰ።

የንባብ ጥግ የሚባለውን ከሰሌዳው በተቃራኒ ኋላ አደረግኩት። የቲማቲም ሳጥን ሁለት፣ ከአትክልት ነጋዴ፣ እንጨቱን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጌ። ስስ ስስ የሆኑትን መጽሐፎች ደግሞ እንደ ልብስ ሲባጎው ላይ ገልጦ ማስጣት ነው፣ ሽፋኑ ሲታይ ነው ልጅ ሚያነሳው፣ ደርድረን ጀርባውን ብቻ ስናሳየው ማንም አይነካውም። ከመጽሐፎቹ ግማሾቹ ራሳቸው ልጆቹ የሰሯቸው ናቸው፣ አንድ ወጥ ነጭ ወረቀት ለአራት ታጥፎ፣ «የኔ ቤት» ምናምን። በጣም ሚነበቡት እነሱ ናቸው፣ የጓደኛ ስም አለበታ።

ሰሌዳው ዙሪያ ግን ምንም አልሰቀልኩም። በ2015ቱ ጊዜ ሰሌዳው ግራና ቀኝ በሪቫን አጥሬው ነበርና አንድ ከፊት የሚቀመጥ ልጅ ሳስተምር ሙሉ ቀን ሪቫኑ በንፋስ ሲወዛወዝ ነበር ሚያየው፣ እኔ ደግሞ ትኩረት የለውም ብዬ ቦታ ቀየርኩበት። በኋላ ስልጠና ላይ ስለ አንድ ጥናት ሰማሁና ፈልጌ አነበብኩት፣ አሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2014 ያወጡት ነው፣ 24 የኬጂ ልጆችን አንዴ ግድግዳው በጣም ያጌጠ ክፍል አንዴ ባዶ ክፍል ውስጥ አስተምረው ሲያወዳድሩ፣ ባጌጠው ክፍል ልጆቹ ከትምህርቱ ውጪ በሆነ ነገር የሚያጠፉት ጊዜ ወደ 39 በመቶ፣ በባዶው ወደ 28 በመቶ ነበር፣ የፈተና ውጤታቸውም በባዶው ይሻል ነበር። ያ ልጅ ትዝ አለኝ በቃ። 24 ልጅ ትንሽ ነው፣ የነሱ ክፍልና የኛ ክፍልም አይገናኝም፣ ግን ከሰሌዳው አጠገብ ሚወዛወዝ ነገር እንዳይኖር ማድረግ ብር አይጠይቅም። ጌጡ በጎንና በኋላ ይሁን።

ሰሌዳውን ካነሳን፣ አሮጌ ሰሌዳ ሲነጣ ብዙ ቦታ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ሰብሮ ውስጡን ጥቁሩን ፈጭቶ ከቅጠል ጋር መቀባት የተለመደ ነው፣ እኔም ገጠር ስማር መምህራችን እኛኑ አሰልፎ ያስፈጨን ነበር። አታድርጉት፣ በተለይ ልጆችን አታስነኩ፣ ያ ጥቁር ዱቄት ማንጋኒዝ ያለበት ነገር ነው፣ ብናኙ ለሳንባም ለነርቭም ጥሩ አይደለም። ትንሿን ቆርቆሮ የሰሌዳ ቀለም ገዛሁ፣ 350 ብር፣ ካወጣሁት ሁሉ ውዱ እሱ ነው ግን ሁለት ዓመት ይዞልኛል። ሁለት ጊዜ ቀብታችሁ በደንብ ሲደርቅ ደረቅ ጠመኔ በጎኑ አድርጋችሁ ሙሉውን አሹትና ጥረጉት፣ ከዛ ነው መጻፍ፣ አለበለዚያ መጀመሪያ የተጻፈው ጥላው አይለቅም።

ሒሳቡን ለምትፈልጉ፣ 2016 ላይ ባወጣሁበት ዋጋ፣ ማርከር አራት 180፣ ሲባጎ ሁለት ጥቅል 120፣ መቆንጠጫ አምስት ደርዘን 200፣ የሰሌዳ ቀለም 350፣ ምስማር 90፣ ወፍራም ካርቶን ወረቀት አስር 200። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ። አሁን ዋጋው ጨምሯል ያው ታውቃላችሁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ጣሳውም ጀሪካኑም ሞልቷል፣ ግን ለትምህርት ቤት ነው ሲሉ ሰፈር ውስጥ በነፃ የሚገኝ ነገር ነውና መጀመሪያ ሰፈር ጠይቁ።

ወላጅ ላይ ደግሞ ብር አትጠይቁ። አንደኛ ብር መሰብሰብ ያለ ወላጅ መምህር ህብረትና ያለ ደረሰኝ ጣጣ ነው፣ ሁለተኛ የሌላት እናት ልጇን ታስቀረዋለች። እኔ በልጆቹ ደብተር ጀርባ አንዲት መስመር ጻፍኩ፣ ቤት ውስጥ ሚጣል ካርቶን፣ ጨርቅ፣ ቆርኪ፣ ጣሳ ካለ ላኩልን። በሳምንቱ ጎርፍ። በነገራችን ላይ የመጀመሪያው ቀን የበሩ ጥበቃ አባባ ልጆቹን «ቆሻሻ ይዛችሁ ወዴት» ብለው መልሰዋቸው ነበር፣ ስለዚህ ለዳይሬክተሩም ለጥበቃውም ቀድማችሁ ተናገሩ። አናፂ ወላጅ መጥቶ የተሰበሩ ሶስት ዴስኮች ቸነከረልን፣ ይሄን ማንም አልጠየቀውም፣ ካርቶን ሊያደርስ ገብቶ አይቶ ነው።

ዴስኩን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ 58 ልጅ ይዞ በክብ ማስቀመጥ ስልጠና ላይ ነው ሚያምረው፣ እኔ በረድፍ ነው ያለሁት፣ ሰኞ ሰኞ ግን ረድፉ አንድ አንድ ወደፊት ይሄዳል የፊቱ ወደኋላ ይመጣል። ከኋላ የነበረ ልጅ ፊት ሲመጣ ነው አንዷ ሰሌዳው በደንብ እንደማይታያት ያወቅኩት፣ መነፅር ተደረገላት።

የማታዎቹን ነገር ሳልጨርስ። 2016 መስከረም ላይ ራሴ ሄጄ የማታውን መምህር ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ሳቁብኝ፣ ከዛ የኋለኛውን ግድግዳ ግማሹን ሲባጎ ለናንተ ይሁን አልኳቸው። የኔ የቆርኪ ጀሪካንም ክፍት ነው፣ የፊደሉ ከረጢትም። አንዳንዶቹ ገና ፊደል እየጀመሩ ያሉ ናቸው፣ ያ ወገቤ ጋ የሰቀልኩት ፊደል ዴስክ ላይ ለተቀመጠ ትልቅ ሰው ልክ አይኑ ጋ ነው ለካ። አንድ ጠዋት ስገባ በነሱ ሲባጎ ላይ በአንድ ሉክ ተጽፎ የተሰቀለ ነገር አገኘሁ፣ ስም የለውም፣ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ብሎ ሰባት ጊዜ፣ የመጨረሻው መስመር ከመጀመሪያው በጣም ቀጥ ያለ። ልጆቼ ከበው አዩትና አንዱ «ቲቸር ይሄን ማን ሰራው፣ ጎበዝ ነው» አለኝ፣ እኔም በአንድ ኮከብ ማህተም አደረግኩበት፣ በማግስቱ ሉኩ ተወስዷል።

ዘንድሮ የቀረኝ መስኮቱ ነው። መዝጊያው እንጨት ስለሆነ ሲዘጋ ይጨልማል ሲከፈት ዝናብ ይገባል፣ ካርቶን አስገብቼ ነበር ረጠበ። አንድ ወላጅ ለግሪን ሀውስ ከሚሆነው ወፍራም ነጭ ላስቲክ ቁራጭ አለኝ ብለውኛል፣ ፍሬም ከተሰራለት ብርሃኑን ያስገባል ዝናቡን ያስቀራል። አናፂው ጳጉሜ 3 እመጣለሁ ብሏል፣ ቀዳዳውን ለክቼ ቁመቱን ወርዱን ጽፌ በሩ ጀርባ ሰቅዬለታለሁ።